ጨርቅ በጨርቅ ውስጥ አያልፍም

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ በባንዲራ ኮከብ ምክንያት መዳፌን ተገርፌያለሁ።

ኮከብ ያለበት ባንዲራ የወጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። እኔ አምስተኛ ክፍል ስደርስ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ድሬዳዋ ነን፣ የከሰዓት ፈረቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። መምህሩ ኮከቡን ሰሌዳ ላይ ሳለና «ይህ ቅርጽ ስንት ማዕዘን አለው?» ብሎ ጠየቀ። ፈጥኜ እጄን አወጣሁ። «አምስት!» አልኩ። «አስር ነው» አለ። «አምስት ነው ቲቸር፣ እኔ ስስለው...» ሳልጨርስ ማስመሪያው መዳፌ ላይ አረፈ። የተመታሁት በመሳሳቴ አይመስለኝም፤ በመከራከሬ ነው።

ኮከብ መሳል ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እርሳሱን ከወረቀቱ ሳታነሳ ነው የምትስለው። ከግራ እግሩ ትነሳና ወደ አናቱ ትወጣለህ። ከአናቱ ወደ ቀኝ እግሩ ትወርዳለህ። ከዚያ ወደ ግራ ክንዱ፣ ከግራ ክንዱ ወደ ቀኝ ክንዱ፣ በመጨረሻ ወደ ተነሳህበት እግር። አምስት መስመር፣ አምስት መታጠፊያ። እጄ የታጠፈው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። አስሩ ታዲያ ከየት መጣ?

መምህሩ የሳለው ዙሪያውን ብቻ ነበር። ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ እያለ። ወደ ውጭ አምስት ሹል፣ ወደ ውስጥ አምስት ስርጉድ። አስር። እሱም ልክ ነበር እኮ። ሁለታችንም አንድ ኮከብ እያየን የምንቆጥረው ግን ሌላ ሌላ ነገር ነው። ይህ እስኪገባኝ 25 ዓመት ገደማ ፈጀ። ያስገባኝ ደግሞ እስከ ዛሬ ያልተከፈለኝ የኅትመት ሒሳብ ነው።

* * *

ከዚራ ውስጥ ትንሽ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከሰባት ሰዓት እስከ አስር ድሬ ትተኛለች። ደንበኛ የለም። ማሽኑ ራሱ ሙቀቱ ሲበዛበት ወረቀት ይነክሳል። እንዲህ ባለ አንድ ከሰዓት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍላሽ ይዞ ገባ።

«ብራዘር፣ ይቺን በኤ3 አትምልኝ። ማታ እወስዳታለሁ።»

ከፈትኩት። ክብ የሚመስል ነገር ነው። ውስጡ በመስመር ታጭቋል። መስመር በመስመር ላይ፣ ኮከብ በኮከብ ውስጥ። መጀመሪያ የጥልፍ ንድፍ መሰለኝ።

«አቦ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ባለ አራት አውታር ኮከብ ነው» አለና ወጣ።

ያቺ አንዲት ወረቀት ቶነሬን ጠጣችው። ልጁ ማታ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በየቀኑ ማየት ጀመርኩ። ሳስበው እዚህ ላይ ነው የተበላሁት።

የፋይሉን ስም ፈለግኩ። «ግሬት ግራንድ ስቴሌትድ 120-ሴል» ይላል። ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው «ታላቁ፣ ገናናው፣ ኮከብ የወጣለት ባለ 120 ክፍል» ሆነብኝ። ደጃዝማችና ፊታውራሪ ብቻ ነው የቀረው። ማዕረጉን ያከናነበው ጆን ኮንዌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሒሳበኛ ነው። ቀልድ የሚወድ ሰው እንደነበር ሁሉም ይመሰክርለታል።

አውታር ማለት ዳይሜንሽን ነው። መስመር አንድ አውታር አለው፣ ወረቀት ሁለት፣ ካርቶን ሦስት። አራተኛው በእኛ ዓለም የሚቀመጥበት አቅጣጫ የለውም። ሒሳቡ ላይ ግን ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የባንዲራውን ኮከብ ልጨርስ።

ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ ምሰሶ አለ። የመብራትና የስልክ ሽቦ ተጠላልፎበታል። ከሥር ቆመህ ስታይ ሽቦዎቹ ይቆራረጣሉ። ግን መስቀለኛ መንገድ አይደሉም። በአንዱ የሚሄደው ወደ ሌላው አይታጠፍም። የወንድሜ ኮከብም እንዲሁ ነው። መሃል ላይ መስመሮቹ አምስት ቦታ ይቆራረጣሉ። እዚያ ግን ማንም አይታጠፍም፤ ተላልፈው ይሄዳሉ። ማዕዘን የሚባለው መስመሩ የሚታጠፍበት ከሆነ ቁጥሩ አምስት ነው። ሒሳበኞቹ ይህን ኮከብ 5/2 ብለው ይጽፉታል። አምስት ማዕዘን አለው፣ መሃሉን ሁለት ጊዜ ይዞራል ማለታቸው ነው። አይተው በሚያልፉት ቁጥር ውስጥ ይህን ያህል ነገር መኖሩ ገረመኝ።

ሐረርን ለሚያውቅ ሌላ መንገድ አለ። የጀጎል ግንብ የጥንት በሮች አምስት ናቸው። ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር። በወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጋቸውና አንድ አንድ እየዘለልክ አገናኛቸው። ከሸዋ ወደ ኤረር፣ ከኤረር ወደ ቡዳ፣ ከቡዳ ወደ ፈላና፣ ከፈላና ወደ ሰንጋ፣ ከሰንጋ ተመልሰህ ሸዋ። ትንሽ የተንሻፈፈ ኮከብ ይወጣል። በእግርህ አትሞክረው እንጂ። ጀጎል ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገድ የለም። ሰው ሳያገኙ መተላለፍም የለም። አንዱ መንገድ በጣም ከመጥበቡ የተነሳ የዕርቅ መንገድ ይባላል። የተጣሉ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ አይተላለፉበትም። ከወንድሜ ኮከብ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

* * *

መብራት ሲጠፋ ካርቶን መቁረጥ ጀመርኩ። መብራት ደግሞ ይጠፋል።

መጀመሪያ የሠራሁት ባለ ሦስት አውታሩን ነው። አሥራ ሁለት የባንዲራ ኮከቦች ወስደህ፣ ጠርዝ ለጠርዝ አያይዘህ፣ አንዱ ኮከብ በሌላው ውስጥ እንዲያልፍ ታደርጋለህ። የሚወጣው ነገር አሥራ ሁለት ሹል ያለው እሾሃማ ኳስ ነው። በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በሞዛይክ ተሠርቶ ይታያል። ሒሳበኞች በደንብ የተወያዩበት ግን ኬፕለር የሚባል ጀርመናዊ በ1619 እ.ኤ.አ. ከሌላ አንድ መሰል ቅርጽ ጋር ከገለጸው ወዲህ ነው። በ1809 ፖንሶ የሚባል ፈረንሳዊ ሁለት ጨመረ። በጠቅላላው አራት ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ኮሺ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ አምስተኛ እንደሌለ አረጋገጠ።

«አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲያልፍ» ማለት ቀላል ነው። ካርቶን ግን አያልፍም። ስለዚህ የሚታየውን ብቻ ትሠራለህ። ከየኮከቡ ክንድ ክንዱን፣ ማለትም ሦስት ማዕዘን ሦስት ማዕዘኑን፣ ትቆርጥና ትለጥፋለህ። የኮከቡ ሆድ ከሥር ተደብቆ ይቀራል። ሙጫው በሙቀት ስለሚላቀቅ አንድ ወር አልቆየልኝም። ሴት ልጄ ደግሞ ወዳዋለች። በጨርቅ ላሰፋላት ወሰንኩና ሐረር ወጣሁ።

ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደንገጎን ስትወጣ ንፋሱ ይቀየራል። አወዳይ ላይ ሚኒባሱ ባዶ ይሆናል፤ ሁሉም ጫት ሊገዛ ይወርዳል። ሐረር ስትደርስ ሹራብ ያምርሃል። መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ የማያውቅ የለም። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ስሙም የስፌት መኪናው ድምፅ ያወጣለት ነው።

የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ሰፊ አሉ። ለሠርጌ ሱፍ ያሳጠሩልኝ እሳቸው ናቸው። የተላቀቀውን ካርቶን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት።

«ስልሳ ቁራጭ ነው» አሉ።

«አሥራ ሁለት ነው አባባ» አልኩ።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ይህን አስተያየት አውቀዋለሁ። ማስመሪያ ብቻ ነው የጎደላቸው።

አስረዳሁ። ቀዩ ኮከብ እዚህ ይጀምርና በሰማያዊው ሆድ አልፎ እዚያ ይወጣል፤ እነዚህ አምስት ሦስት ማዕዘኖች የአንድ ጨርቅ ናቸው ምናምን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ሁለት እራፊ ከወለሉ አነሱና አንዱን በሌላው ላይ ጫን ጫን አደረጉት።

«ልጄ፣ ጨርቅ በጨርቅ ውስጥ አያልፍም።»

ስልሳ ቁራጭ በስድስት ቀለም ተስማማን። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ሁለት ኮከቦች አንድ ቀለም ይሁኑ አልኩ። የቱ ቁራጭ የቱ ቀለም እንደሆነ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። «በሁለት ሳምንት ና» አሉኝ።

* * *

ያንን ሁለት ሳምንት አራተኛው አውታር ውስጥ ነው ያሳለፍኩት።

የመጀመሪያው ዕድሌ እዚያው ሐረር ቀናኝ። ከሰፊው ወጥቼ ጀጎል ውስጥ ወደሚኖሩት የባለቤቴ አክስት ቤት ሄድኩ። ነደባው ላይ ተቀምጠው ሙዳይ እየሰፉ ነበር። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ስፌት በስፌት ነው። ቡና እስኪፈላ እጃቸውን አያለሁ። ስፌት ከመሃል ይጀመራል። መጀመሪያ ነጥብ ነው። ከዚያ አንድ ዙር፣ ከዚያ ሁለተኛ ዙር። ዙሩ ከሰፋ ሆዱ ይወጣል፣ ከጠበበ አንገቱ ይመጣል። ሙዳዩን ጨርሶ ያላየ ሰው የየዙሩን ልክ ብቻ ብትነግረው ሙዳዩን በጭንቅላቱ ሊሠራው ይችላል።

አራተኛውን አውታር እንዲህ ነው የሚያዩት። እኛ የምንኖረው በአንዱ ዙር ላይ ነው እንበል። ባለ አራት አውታሩ ነገር በእኛ ዓለም ሲያልፍ የሚታየን ዙር በዙር ነው። የእሱ ዙር ግን ክብ መስመር አይደለም፤ ሙሉ ጠጣር ቅርጽ ነው። ግድግዳዬ ላይ ያለው ኮከብ በአንድ ሹሉ በኩል ቢገባ መጀመሪያ ነጥብ ይታያል። ቀጥሎ አራት ሦስት ማዕዘን ገጽ ያላት ትንሽ ፒራሚድ። ፒራሚዷ ታድጋለች። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ሹሎች ከዚህም ከዚያም ብቅ ይላሉ፤ ያድጋሉ፣ ይገጣጠማሉ፣ ይተላለፋሉ። በመጨረሻ ሁሉም መልሶ አንዲት ነጥብ ይሆንና ይጠፋል።

ይህን ሥራ በካርቶን የሠራች ሴት አለች። አሊሺያ ቡል ስቶት ትባላለች። በ1860 እ.ኤ.አ. አየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ ተወለደች። አባቷ ጆርጅ ቡል ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራበት የአመክንዮ አልጀብራ በስሙ የሚጠራው። እሷ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ሞተ። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠችም። አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ፣ ኋላ የእህቷ ባል የሆነው፣ በትንንሽ የእንጨት ኩቦች አራተኛውን አውታር ሊያስረዳቸው ይሞክር ነበር። ሌሎቹ ሰለቹ መሰለኝ። እሷ ግን ገባት። አራት አውታር ላይ ስድስት ሙሉ በሙሉ የተስተካከሉ፣ ስርጉድ የሌላቸው ቅርጾች እንዳሉ ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። ዙራቸውን በካርቶን እየቆረጠች፣ ቀለም እየቀባች ሠራቻቸው።

አግብታ ሁለት ልጅ አሳደገች። ስሆውት የሚባል የኔዘርላንድ ፕሮፌሰር ስለ እነዚሁ ቅርጾች የመሃል ዙር ጽሑፍ ማውጣቱን ሰማች። የካርቶኖቿን ፎቶ ላከችለት። አንድ ዓይነት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አብረው ሠሩ። ስሆውት በ1913 ሞተ። በ1914 የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። ለእንዲህ ዓይነት ቅርጾች መጠሪያ የሆነውን «ፖሊቶፕ» የሚለውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ያስገባችውም እሷ ናት። ካርቶን ስቆርጥ ሰው ሲያላግጥብኝ ስሟን እጠራለሁ። ማን እንደሆነች ማንም አይጠይቀኝም።

* * *

አሁን ወደ አቆጣጠሩ ጠብ።

የስቶትን ስድስት ቅርጾች ከሷ በፊት ያገኛቸው ሰው ነበር። ሉድቪግ ሽሌፍሊ ይባላል፣ ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ በ1814 የተወለደ። አሥር ዓመት ያህል ቱን በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ቋንቋ ይችል ስለነበር አንድ ጊዜ ትልልቆቹን የጀርመን ሒሳበኞች ተከትሎ ሮም ሄዷል፤ በአስተርጓሚነት። ከ1850 እስከ 1852 ባለው ጊዜ ስለ ብዙ አውታር አንድ ትልቅ ሥራ ጻፈ። ወደ ቪየና አካዳሚ ላከው። «ረዘመ» ተብሎ ተመለሰ። በርሊንም ተሞከረ። እዚያም ረዘመ። ሽሌፍሊ በ1895 ሞተ። ሥራው ሙሉ ሆኖ የታተመው በ1901 ነው። ሰውየው የታተመ መጽሐፉን በእጁ አልያዘም። የኅትመት ቤት ባለቤት ስለሆንኩ መሰለኝ ይህ ነገር ከንክኖኛል።

ሽሌፍሊ ከስድስቱ ሌላ ኮከቦችም አግኝቷል። የእኔን የግድግዳ ኮከብ ጨምሮ አራት። ሊያገኝ ይችል የነበረው ግን 10 ነው። የቀሩትን ስድስት ኮከቦች ጣላቸው። ለምን? በአንድ ቀመር ምክንያት።

ቀመሩ ኦይለር የሚባል ሒሳበኛ ነው። ካርቶን አንሳ። ማዕዘኑን ቁጠር፣ 8። ጠርዙን ቁጠር፣ 12። ገጹን ቁጠር፣ 6። ከማዕዘኑ ጠርዙን ቀንስና ገጹን ደምር። 8 ሲቀነስ 12 ሲደመር 6፣ ሁለት ይመጣል። ፒራሚድም ላይ ሁለት ነው። ስርጉድና ቀዳዳ የሌለው ነገር ሁሉ ላይ ሁለት ነው።

እስቲ አሁን የልጄን እሾሃማ ኳስ ቁጠር። በእኔ አቆጣጠር ማዕዘኑ 12፣ ጠርዙ 30፣ ገጹ 12 ኮከብ። 12 ሲቀነስ 30 ሲደመር 12። የሚመጣው ከዜሮ በታች 6 ነው። ሁለት ቀርቶ ዜሮም አይደርስም። ሽሌፍሊ ይህን አይቶ «ይህ እውነተኛ ቅርጽ አይደለም» አለ። እንዲህ ያለ ኳስ የሚገባባቸውን ባለ አራት አውታር ኮከቦች በሙሉ ከዝርዝሩ አወጣቸው። የተቀበላቸው አራቱ ሁለት የሚሰጡትን ብቻ የያዙ ናቸው።

ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ይህን ሳነብ በሰፊውም አቆጣጠር ልሞክረው አልኩ። ስልሳ ሦስት ማዕዘን። እነሱ የሚገናኙበት ጠርዝ 90። ማዕዘኑ 12 ሹልና 20 ስርጉድ፣ በጠቅላላው 32። 32 ሲቀነስ 90 ሲደመር 60።

ሁለት።

ለካ ሰፊውም፣ አምስተኛ ክፍል የገረፈኝ መምህርም የኦይለር ወገን ናቸው። እኔ ነኝ ከዜሮ በታች የቀረሁት።

ግን ታሪኩ እዚያ አላቆመም። በ1883 ኤድመንድ ሄስ የሚባል ጀርመናዊ የተጣሉትን ስድስቱን መልሶ ሰበሰበ። ሁለት አለመምጣቱ የቅርጹ ጥፋት አይደለም ብሎ ተቀበላቸው። ገጾቹ እኩል ናቸው፣ ማዕዘኖቹ እኩል ናቸው፣ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። ዛሬ አሥሩም በሁለቱ ሰዎች ስም፣ የሽሌፍሊና የሄስ ተብለው ይጠራሉ። እምቢ ያለውም የተቀበለውም አንድ ላይ። ሽምግልና እንደዚህ ነው።

የእኔ ኮከብ ከአሥሩ ልዩ ነው። ዘጠኙ 120 ማዕዘን ነው ያላቸው። የእኔ 600። ክፍሎቹ 120 ናቸው፤ እያንዳንዱ ክፍል ራሱ 12 ኮከብ ያለው ኳስ ነው። ከልጄ ኳስ የተለየው፣ ሹሉ 20 የሆነው፣ ሁለት የሚሰጠው ወንድሙ። አንዱን ኮከብ ሁለት ክፍል ይጋራዋል፣ ልክ ጎረቤቶች ግድግዳ እንደሚጋሩት። 120 ጊዜ 12 ለሁለት ስታካፍለው 720 የባንዲራ ኮከብ። ከየማዕዘኑ አራት ጠርዝ ይነሳል። 600 ጊዜ አራት ለሁለት፣ 1,200። ያቺ ቶነሬን የጠጣች ወረቀት ላይ ያለው መስመር እንግዲህ ይኸው ነው።

የወንድሜ ኮከብ መሃሉን ሁለት ጊዜ ይዞራል ብያለሁ። የልጄ ኳስ መሃሏን ሦስት ጊዜ ትጠቀልላለች። ክፍሎቹ ደግሞ ሰባት ሰባት ጊዜ። የግድግዳዬ ኮከብ 191 ጊዜ። ይህን ቁጥር ሳነብ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ነገርኳት። «ጋቢ መሰለህ?» አለችኝ።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። ወረቀቱ ላይ የሚታየው መቆራረጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወረቀቱ ጥላ ነው። የሽቦ ኮከብ ፀሐይ ላይ ብትይዝ ጥላው ውስጥ ጨርሶ የማይነካኩ ሽቦዎች ይቆራረጣሉ። አብዛኛው እንዲህ ነው። ጥቂቱ ደግሞ እውነት ነው። እያንዳንዱ የባንዲራ ኮከብ ውስጥ መስመሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በእርግጥ አንድ ነጥብ ላይ ያልፋሉ፤ ጥላ አይደለም፤ ግን አይታጠፉም። ወረቀቱን እያየሁ የቱ የጥላ፣ የቱ የእውነት እንደሆነ ለመለየት ብዙ ከሰዓት አጥፍቻለሁ። አልተሳካልኝም። ዓይን አይለየውም፣ ሒሳቡ ነው የሚለየው።

ከዚህ ላይ ሰፋ ያለ ቤተሰብ አለ። ዩኒፎርም ይሏቸዋል። ልክ እንደ ተማሪ ዩኒፎርም ነው ነገሩ፤ የትኛውም ማዕዘን ላይ ብትቆም ዙሪያህ አንድ ዓይነት ነው፣ ክፍሎቹ ግን የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በሦስት አውታር፣ ቱቦ መሳዮቹን ትተን፣ 75 ናቸው። በ1954 እ.ኤ.አ. ተዘረዘሩ። በ1975 ስኪሊንግ የሚባል ሰው ሌላ እንደሌለ በኮምፒውተር አረጋገጠ። በአራት አውታር ስርጉድ የሌላቸውን ያው ኮንዌይ ጋይ ከሚባል ሰው ጋር በ1965 ዘርዝረዋቸዋል። ኮከባማዎቹ ግን ገና ናቸው። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አብዛኛውን እየፈለጉ ያገኙት ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ለፍቅሩ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። መብራት ሲጠፋ ካርቶን የሚቆርጡ ዓይነት።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። አውታር በጨመረ ቁጥር ኮከብ የሚበዛ አይመስላችሁም? በሦስት አውታር አራት፣ በአራት 10፣ በአምስት ስንት? ዜሮ። በስድስትም ዜሮ። ከዚያ በላይ የትም የለም። በሁሉም ነገር የተስተካከለ ኮከብ አራተኛው አውታር ላይ ያበቃል። ለምን እንደሆነ ቀመሩን ተከትዬ አየሁት። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ግን አላጽናናኝም።

* * *

በሁለተኛው ሳምንት ሐረር ወጣሁ።

ሽማግሌው ጨርሰው ጠበቁኝ። ጥጥ ሞልተውታል። ከካርቶኔ በጣም ያምራል። ሹሎቹ ትንሽ ወፍረው የአህያ ጆሮ መስለዋል እንጂ።

ሒሳብ ልከፍል ስል «ቆይ» አሉኝ። ኳሱን አነሱት። «አንድ ነገር አልገባኝም። ስድስት ቀለም ነው የሰጠኸኝ። እያንዳንዱ ሹል ላይ ግን አምስት ነው ያለው። ይሄን ተመልከት፣ ቀይ የለውም። ይሄኛው አረንጓዴ የለውም። ስሰፋው ቁራጭ የጠፋብኝ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።»

እኔም አላስተዋልኩትም ነበር። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላስተዋልኩትም።

ቀይ የሌለውን ሹል ወደ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ዙሪያውን ያሉትን አምስት ሹሎች አንድ በአንድ አሳየኋቸው። እያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ቀይ አለ። አምስቱም ወደዚህ ሹል ሥር ያመለክታሉ።

ዝም ብለው ቆዩ። ጣታቸውን ከአንዱ ቀይ ወደ ሌላው ቀይ አስኬዱ፣ በሹሉ ሥር እያሳለፉ። ወንድሜ ኮከብ ሲስል እንደነበረው።

«ቀዩ ከሥር ነው» አሉ።

«ከሥር ነው አባባ።»

«ሆዱ ውስጥ ይገናኛል።»

«ይገናኛል።»

«እንዲህ ከሆነ አሥራ ሁለት ነው» አሉና ኳሱን በፌስታል ከተቱልኝ። ደስ አለኝ። የአምስተኛ ክፍል መዳፌ ሳይቀር ደስ አለው። ቦርሳዬን አወጣሁ። በአሥራ ሁለት ቁራጭ አስልቼ ልሰጣቸው ስል ብሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሒሳቡ ግን በስልሳ ነው።»